ንብ ማነብ፦ ለንቦቹ ምን እንተውላቸው?

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ንብ የማያውቅ ገበሬ የለም። ቀፎ በጓሮ ይቀመጣል። ከዛፍም ላይ ይሰቀላል። ቀፎው ከሸምበቆ ወይም ከሐረግ ተሠርቶ በእበት ይለቀለቃል። ንብ ሳይገባበት በወይራ ጭስ ይታጠናል።

እኔም በጓሮዬ ሦስት ቀፎ ይዤ ብዙ ዓመት ቆየሁ። ማር ነጋዴ አይደለሁም። ማታ ከሥራ ስገባ ከቀፎው አጠገብ መቀመጥ ደስ ስለሚለኝ ነው። ንብ ግን በመውደድ ብቻ አትያዝም።

በመጀመሪያው ዓመት ኅዳር ላይ ማር ቆረጥኩ። የአደይና የኑግ አበባ አልፎ ቀፎው ሞልቶ ነበር። በደስታ እንጀራውን ሁሉ ከነእጩ ጠራርጌ አወጣሁ። ጥር ሳይወጣ ቀፎው ባዶ ሆነ። «የሰው ዓይን ወግቷቸው ነው» አልኩ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ግን፣ «ዓይን አይደለም ልጄ! ጎተራቸውን ገልብጠህ ምን በልተው ይቀመጡልህ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ማር ማለት አበባ ሲጠፋ ንቦቹ የሚበሉት ስንቅ ነው። እጩም ቢሆን ነገ ሠራተኛ የሚሆን ነው። አንዲት ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነሥታ ንብ ለመሆን ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅባታል። እጩን ከቆረጥን ተተኪ የለም። ስለዚህ በሰም የተከደነውን፣ የበሰለውን ማር ብቻ ቁረጡ። ያልተከደነው ውኃ ስለሚበዛበት ቶሎ ይኮመጥጣል። ለንቦቹም የሚበቃቸውን ተዉላቸው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ አያስወጣቸውም። ያኔ በሶ ወይም የስኳር ውኃ ስጧቸው። ጉንዳን እንዳይወጣ በመደቡ ዙሪያ አመድ ነስንሱ።

ዘመናዊው ቀፎ ወደ አገራችን የገባው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የሆለታ የንብ ምርምር ማዕከልም የተቋቋመው በዚያው ጊዜ ነው። በዘመናዊው ቀፎ እጩ ከታች፣ ማሩ ከላይ ስለሚሆን ያለ ጥፋት ይቆረጣል። ዋጋው ግን ከሸምበቆው ጋር አይወዳደርም።

አሁን ከረሃብ የባሰ ነገር መጥቷል። አንድ ቀን በመስከረም ጠዋት ብወጣ በቀፎው ደጅ የሞተ ንብ ተቆልሎ አገኘሁ። ጎረቤቴ ትናንት በቀትር፣ ባበበ ባቄላ ላይ የተባይ መድኃኒት ረጭቶ ኖሯል። ተጣላን። ኋላ ሳስበው ግን እሱም ባቄላውን ክሽክሽ እየጨረሰበት ነበር። ምን ያድርግ? ጥፋቱ ሰዓቱ ላይ ነው።

አሁን ተስማምተናል። ባቄላው ሳያብብ ይረጫል። ካበበ በኋላ ግድ ከሆነበት ደግሞ ንቦቹ ሲገቡ፣ ወደ ማታ 12 ሰዓት ግድም ይረጫል። ከአንድ ቀን በፊት ይነግረኛል። እኔም እስከ ማግስቱ ረፋድ ድረስ የቀፎውን አፍ አየር በሚያስገባ ሣር እዘጋለሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ እልቂት አላየሁም። የአረም መድኃኒትም ቢሆን ንቧን ወዲያው ባይገድላት አበባዋን ያጠፋባታል። በእሱ ላይ ገና አልተስማማንም።

ጥያቄ፦
በሰፈራችሁ መድኃኒት የሚረጨው በስንት ሰዓት ነው?
ቀፎ ያለው ጎረቤታችሁ ማን ነው? አስቀድሞስ ይነገረዋል?