ስለ ስማርት ሰዓት ባትሪ አለዋወጥና ነጋዴው ሊጠነቀቅባቸው ስለሚገቡ ነገሮች

ሃሚልተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 በባትሪ ኃይል የሚሠራ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ ባትሪ መለወጥ ለሰዓት ሠሪ እጅግ የተለመደ ተግባር ሆኗል። ሰዓት ሠሪው የጀርባውን ክዳን ከፍቶ፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነውን አሮጌ ባትሪ በወረንጦ አንሥቶ አዲሱን ሲተካ፣ ደንበኛው እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል። ከዚህ ልማድ የተነሣ ብዙ ባለ ሱቆች ስማርት ሰዓትንም በዚያው ዓይን ይመለከቱታል። ይሁን እንጂ የሁለቱ ባትሪዎች ጠባይ የተለያየ ስለ ሆነ፣ አንዱን በሌላው ልማድ መሥራት ለዕቃውም ለባለ ሱቁም ጉዳት ያመጣል።

የባትሪው ጠባይ

የተለመደው የሰዓት ባትሪ ኃይሉ ሲያልቅ የሚጣል ነው። የስማርት ሰዓት ባትሪ ግን፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር፣ እየተሞላ ደጋግሞ የሚሠራ የሊትየም አዮን ባትሪ ነው። ይህን ዓይነት ባትሪ በመጀመሪያ ለንግድ ያቀረበው የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1991 ነበር። ባትሪው በተሞላና ባለቀ ቁጥር ኃይል የመያዝ ችሎታው በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል። ለምሳሌ አፕል ኩባንያ፣ የሰዓቱ ባትሪ 1,000 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያው ችሎታው 80 በመቶውን እንዲይዝ ሆኖ መሠራቱን ይገልጻል። ሙቀት እርጅናውን ያፋጥነዋል፤ ፈጽሞ ባዶ ሆኖ ለብዙ ጊዜ መቀመጡም ይጎዳዋል። ስለዚህ ሰዓቱን ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስኮት ውስጥ ለወራት የሚደረድር ነጋዴ፣ ዕቃውን ሳይሸጠው ያስረጀዋል ማለት ነው።

ከመክፈት በፊት

«ሰዓቴ ኃይል አይይዝም» የሚል ደንበኛ ሁሉ አዲስ ባትሪ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ቻርጀሩ ተበላሽቶ፣ በሰዓቱ ጀርባ ያሉት የኃይል መቀበያ ነጥቦች በላብና በአቧራ ተሸፍነው፣ ወይም የመስታወቱ ብርሃን ያለ መጠን ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ባለ ሱቁ እነዚህን አስቀድሞ ቢመረምር፣ ደንበኛው ያለ አግባብ ከሚያወጣው ገንዘብ ይድናል፤ የዳነውም ደንበኛ ሌላ ደንበኛ ይዞ ይመለሳል።

ጥፋቱ የባትሪው መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ምትኩ የሚመረጠው በሰዓቱ ዓይነትና ቁጥር፣ በቮልቱ፣ በመጠኑና በመሰኪያው ቅርጽ ነው። በቁመትና በውፍረት ከአሮጌው ጋር እኩል የሆነ ባትሪ እጥፍ ኃይል ይይዛል ተብሎ ቢጻፍበት፣ ጽሑፉን ማመን አይገባም። ከቦታው የሚወፍር ባትሪ ተገፍቶ ቢገባ ደግሞ መስታወቱን ከሥሩ ያስለቅቀዋል።

ምንጩ ያልታወቀ ባትሪ አደጋው የበለጠ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ፊትቢት የተባለው ኩባንያ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ አዮኒክ የተባሉ ሰዓቶቹን ከተጠቃሚዎች እንዲመለሱ አድርጓል። ምክንያቱም ባትሪው ከመጠን በላይ ስለ ሞቀ በአሜሪካ ብቻ 115 አቤቱታዎች ቀርበው ስለ ነበር ነው፤ ከነዚህም 78ቱ የመቃጠል ጉዳትን የሚመለከቱ ነበሩ። ብዙ መሐንዲሶች ያሉት ፋብሪካ ይህን ያህል ከደረሰበት፣ ስም የለሽ ባትሪ በደንበኛው ክንድ ላይ የሚያስር ባለ ሱቅ ምን ያህል ሊጠነቀቅ እንደሚገባው ግልጽ ነው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

1ኛ፤ ባትሪው ኃይሉ ዝቅ እስኪል ድረስ ይቆያል፤ ከዚያም ሰዓቱ ይጠፋል። ጥቂት ኃይል የያዘ ባትሪ ቢጎዳ እንኳ የሚያስከትለው አደጋ ያነሰ ነው።

2ኛ፤ አንዳንዱ ሰዓት ከጀርባው በትንንሽ ብሎኖች፣ አንዳንዱ ደግሞ መስታወቱ በማስቲሽ ተጣብቆ የተዘጋ ነው። የመጀመሪያው በልኩ በተሠራ ካቻቢቴ ይፈታል። ሁለተኛው ማስቲሹ እስኪለሰልስ በመጠኑ ሞቅ ተደርጎ በስስ ፕላስቲክ ይላቀቃል። መስታወቱን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ እንደ ወረቀት ስስ ስለ ሆነ በኃይል መሳብ አይገባም።

3ኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪው መሰኪያ ይነቀላል። ባትሪው ከተጣበቀበት ሲነሣ ቢላዋ ወይም ሌላ የብረት መሣሪያ ፈጽሞ አይነካውም። ሽፋኑ ለስላሳ ስለ ሆነ ከተበሳ ወይም ከታጠፈ በውስጡ ያለው ኃይል ይገናኝና ጭስና እሳት ይፈጥራል። ያበጠ ባትሪ ከተገኘ አይጫንም፣ አይበሳም፣ ኃይልም አይሞላም፤ አሸዋ ባለበት የብረት ዕቃ ውስጥ ሆኖ ከሚቃጠል ነገር ርቆ ይቀመጣል።

4ኛ፤ አዲሱ ባትሪ ከተሰካ በኋላ፣ ሰዓቱ ከመዘጋቱ በፊት መስታወቱ፣ ቁልፎቹና ኃይል መሙላቱ ይፈተናሉ።

5ኛ፤ አሮጌው ማስቲሽ ተጠርጎ፣ የጎማው ቀለበት በአዲስ ተለውጦ፣ ሰዓቱ በልኩ ተጭኖ ይዘጋል።

ስለ ውኃና ስለ ሂሳብ

በብዙ ሰዓቶች ላይ «50 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ይህ በፋብሪካው የተፈተነበትን የውኃ ግፊት የሚያመለክት ነው እንጂ፣ ሰዓቱን አስሮ እስከ 50 ሜትር ጥልቀት ለመጥለቅ ፈቃድ አይደለም። ሰዓቱ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ደግሞ በግፊት መፈተኛ መሣሪያ ካልተፈተነ በቀር፣ ውኃ አያስገባም ብሎ ዋስትና መስጠት አይቻልም። መሣሪያው የሌለው ባለ ሱቅ ይህንኑ ለደንበኛው መንገርና በደረሰኙ ላይ መጻፍ አለበት።

ጥቅሙ በስሌት ቢታይ የሚከተለውን ይመስላል። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ባለ ሱቅ 20 ሰዓቶችን ሠርቶ ከያንዳንዱ 400 ብር ቢያተርፍ 8,000 ብር ያገኛል። ማስቲሹንና ጎማውን ሳይለውጥ «ውኃ አይፈራም» ብሎ ቢያስረክብና፣ እያንዳንዳቸው 6,000 ብር የሚያወጡ ሁለት ሰዓቶች በውኃ ተበላሽተው ቢመለሱበት 12,000 ብር ይከፍላል። በዚህም ትርፉን ሁሉ አጥቶ 4,000 ብር ይከስራል። በያንዳንዱ ሰዓት ላይ 50 ብር ለአዲስ ማስቲሽና ጎማ አውጥቶ እውነቱን በደረሰኝ ቢጽፍ ግን 7,000 ብር ተጣርቶ ይቀርለት ነበር።

ለአስመጪዎች

በአየር ለሚጓጓዝ ዕቃ፣ ብቻውን የሚላክ የሊትየም አዮን ባትሪ በተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 3480፣ ከመሣሪያ ጋር ወይም በመሣሪያ ውስጥ ሆኖ የሚላከው ደግሞ በቁጥር 3481 ይመዘገባል። ብቻውን የሚላከው ባትሪ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በመንገደኞች አውሮፕላን በጭነትነት እንዳይሄድ ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላን ሲሄድም የያዘው ኃይል ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ አስመጪው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት፣ ባትሪው በተባበሩት መንግሥታት የፈተና መመሪያ ክፍል 38.3 መሠረት መፈተኑን የሚያስረዳ ወረቀት ከሻጩ መጠየቅ ይገባዋል። እንደዚሁም የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የባትሪ ደንብ፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በትንንሽ መሣሪያዎች ውስጥ ያለውን ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ሊለውጠው እንዲችል ከየካቲት 2027 አንሥቶ ያስገድዳል። አዲስ ዓይነት ሰዓት የሚያዝ አስመጪ ባትሪው በቀላሉ የሚለወጥ መሆኑንና መለዋወጫው መገኘቱን አብሮ ቢጠይቅ፣ ለነገ ገበያው ይበጀዋል።

አሮጌ ባትሪዎችም ከቆሻሻ ጋር ሊጣሉ ወይም በአንድ ካርቶን ሊከመሩ አይገባም፤ መሰኪያቸው በፕላስተር ተሸፍኖ ለብቻ ይቀመጣሉ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ በወረንጦ የሚነሣ ትንሽ ዕቃ ሱቅን ከነንብረቱ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ጥንቃቄው ከሥራው መቅደም አለበት። ባትሪውን መርምሮ የገዛ፣ በሥርዓት የለወጠ፣ የማይችለውንም በደረሰኝ የጻፈ ነጋዴ፣ ትርፉ ቢያንስ እንኳ ስሙ የማይነካ ይሆናል።