ውሻን ስለ ማሳደግ

ከቤት እንስሳት ሁሉ አስቀድሞ ከሰው ጋር መኖርን የለመደ ውሻ ነው። በሬና በግ፥ ፈረስና ዶሮ ወደ ሰው ቤት ከመግባታቸው በፊት ውሻ ከአዳኞች ጋር ይሄድ ነበር። ሊቃውንት ከመሬት ቈፍረው ያወጡትን አጥንት መርምረው፥ ውሻና ሰው አብረው መኖር ከጀመሩ ቢያንስ 14,000 ዓመት እንደ ሆነ ተረድተዋል። የውሻ ዘር የመጣው ከተኵላ ነው። ስለዚህ ውሻ ምንም እንኳ ለማዳ ቢሆን ጥርሱ የአውሬ ጥርስ ነው፤ ያደገ ውሻ በአፉ ውስጥ 42 ጥርስ አለው።

የውሻ ጥቅም ብዙ ነው። በደጋ አገር ጅብ ሌሊት ወደ በረት ሲቀርብ አስቀድሞ የሚሰማው ውሻ ነው። እረኛ በጎቹን ሲያሰማራ ቀበሮ እንዳይነጥቅ ይጠብቃል፤ እሸት በደረሰ ጊዜም ዝንጀሮንና ጦጣን ከማሳ ያባርራል። የውሻ አፍንጫ ከሰው አፍንጫ እጅግ አብልጦ ያሸታል፤ ስለዚህ ጌታው በጨለማ ቢመጣ እንኳ በጠረኑ ያውቀዋል፤ ባዕድ የሆነውን ሰው ግን ከሩቅ ለይቶ ይጮኽበታል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ ሰውን ለመንቀፍ ይነገራል፤ ስለ ውሻው ግን እውነት ነው። ተረቱን ልብ ብሎ የሚሰማም አንድ ነገር ያስተውላል፤ ውሻ ይጮኽ ዘንድ አስቀድሞ መብላት አለበት።

እንግዲህ ውሻ የሚፈልግ ሰው ደስታውን ብቻ ሳይሆን ወጪውንና ድካሙንም አስቀድሞ ይቍጠር። ይህንም የሚያስረዳ የአንድ ልጅ ታሪክ ቀጥሎ ተጽፏል።

በአንድ የደጋ መንደር ዕድሜው 11 ዓመት የሆነ ተማሪ ነበረ። የአጎቱ ውሻ አምስት ቡችሎች ወለደች። ውሻ አርግዛ የምትቈየው 63 ቀን ያህል ነው፤ ቡችሎቿም ሲወለዱ ዓይናቸው የተከደነ ስለ ሆነ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ አያዩም። ልጁ ከትምህርት ቤት በተመለሰ ቍጥር ሊያያቸው ይሄድ ነበር። ከነርሱም መካከል ግንባሩ ነጭ የሆነውን ቡናማ ቡችላ ወደደ። ቡችላው ጡት ለመተው በደረሰ ጊዜ ልጁ ወደ አባቱ ቀርቦ «አባባ፥ እርስዎ ቢፈቅዱልኝ ይህን ቡችላ ከአጎቴ ልለምን» አለው።

አባቱ ወዲያው እሺም እምቢም አላለም። «እርሳስና ደብተርህን አምጣና ቍጠር» አለው። «በቀን አንድ እንጀራ ብንሰጠው በዓመት ስንት ይሆናል?» ልጁም «365» አለ። «10 ዓመት ቢኖርስ?» «3,650» ብሎ መለሰ። አባቱም እንዲህ አለ፦ «ከ10 ዓመት በላይ የሚኖርም ውሻ አለ። ይህን ሁሉ እንጀራ እናትህ ትጋግረዋለች፤ ጤፉንም እኔ አርሳለሁ። በበዓል ጊዜ አጥንት አይታጣም፤ በጾም ወራት ግን በቤታችን ሥጋ የለምና፥ ወደ ሰው ደጅ እንዳይሄድ እንጀራውን ከንፍሮ ጋር የምትሰጠው አንተ ነህ። ውሃውን የምትለውጥ፥ ማደሪያውን የምትጠርግ፥ በዝናብም በብርድም የምታስበው አንተ ነህ። በየዓመቱም ወደ እንስሳት ሐኪም ወስደህ ታስከትበዋለህ። ይህን ሁሉ ትችላለህን?» ልጁም «እችላለሁ» አለ። ሰው ገና ያልተሸከመው ሸክም ቀላል ይመስለዋል።

ቡችላው ወደ ቤት መጣ፤ ስሙም መከታ ተባለ። በመጀመሪያው ሌሊት እናቱንና ወንድሞቹን ፈልጎ ሲያላዝን አደረ፤ ልጁም ተነሥቶ አሮጌ ጆንያ ደረበለት። ከጥቂት ጊዜም በኋላ የልጁን አንድ እግር ጫማ አኝኮ ጣለበት፤ ለፀሐይ የተሰጣውንም ብቅል በተነውና የልጁ እናት እጅግ ተቈጣች። ነገር ግን ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መከታ እስከ ወንዙ ድረስ ወጥቶ ይቀበለው ነበር፤ ጅራቱን ብቻ ሳይሆን ሰውነቱን ሁሉ እየወዘወዘ ይዘልበት ነበር። ልጁ በትምህርቱ ተነቅፎ፥ አዝኖ በመጣ ቀን እንኳ የውሻው ደስታ አይቀንስም ነበር። በነሐሴ ወር በአንድ ሌሊት ጅብ የበረቱን አጥር ሲያፈርስ መከታ አጥብቆ ጮኸ፤ አባቱም ችቦ ይዞ ወጥቶ ጅቡን አባረረ፤ ጥጃዋም ተረፈች። በማግሥቱ የልጁ እናት ማንም ሳይጠይቃት ለመከታ ትኵስ እንጀራ ቈረሰችለት።

በጥቅምት ወር የእንስሳት ሐኪም ውሾችን ሊከትብ ወደ ገበያው ሜዳ እንደሚመጣ ተነገረ። አባቱም የሚከፈለውን ገንዘብ ለልጁ ሰጥቶ «መከታን በገመድ አስረህ ውሰደው» ብሎ አዘዘው። ልጁ ውሻውን ይዞ ወጣ። በመንገድ ግን ጓደኞቹ ኳስ ሲጫወቱ አገኘ፤ «ጥቂት ልጫወት» ብሎም ውሻውን በባሕር ዛፍ ሥር አሰረው። ጨዋታው ባለቀ ጊዜ ፀሐይ አዘቅዝቃ፥ ሐኪሙም ሄዶ ነበር። ልጁ ፈራ። ማታ አባቱ «አስከተብኸውን?» ብሎ ሲጠይቀው «አዎን» አለ፤ ገንዘቡንም በደብተሩ መካከል ሸሸገው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፥ ወደ ማታ፥ መከታ አጥንት ሲግጥ ሳለ የጎረቤት ሕፃን ቀርባ ጅራቱን ያዘችው። ዕድሜዋ 6 ዓመት ነበረ። ውሻ በመብል ላይ ሳለ የሚነካው ሁሉ የሚነጥቀው ይመስለዋል። መከታም ዘወር ብሎ እጅዋን ነከሳት፤ ጥርሱም ቈዳዋን በስቶ ደም ወጣ። እናቷ ባሏ የሞተባት፥ ጠላ ሸጣ የምትኖር ሴት ነበረች፤ ጩኸቱንም ሰምታ እየሮጠች መጣች። የልጁም አባት «አይዞሽ እኅቴ፤ ውሻው ባለፈው ወር ተከትቧል፤ ገንዘቡን ሰጥቼ ልጄን ልኬው ነበር» ብሎ አጽናናት። እርስዋም የልጅዋን እጅ በጨርቅ አስራ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ልጁ በደጃፍ ቆሞ ይህን ሁሉ ሰማ። እውነቱን የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነበር።

በዚያን ጊዜ መምህሩ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ያስተማሩት ትምህርት ትዝ አለው። የዚህ በሽታ ተዋሲያን በታመመው ውሻ ምራቅ ውስጥ ይኖራሉ። ውሻው በነከሰ ጊዜ ከምራቁ ጋር ወደ ቍስል ይገባሉ፤ ከዚያም በነርቭ መንገድ ቀስ ብለው ወደ አንጎል ይወጣሉ። ይህም ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። በሽታው አንጎል ደርሶ ሰውየው ውሃ መፍራት ከጀመረ በኋላ ግን ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ቍስሉን ፈጥኖ የታጠበና የበሽታው ምልክት ሳይታይ የተከተበ ሰው ግን ይድናል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1885 ዓመት በሐምሌ ወር ጆሴፍ ማይስተር የሚባለውን የ9 ዓመት ልጅ እብድ ውሻ ስለ ነከሰው፥ እናቱ ከአልዛስ ተነሥታ ወደ ፓሪስ አመጣችው። ሉዊ ፓስተር የሚባለው የፈረንሳይ ሊቅም በእንስሳት የፈተነውን ክትባት በሐኪም እጅ 13 ጊዜ አስወጋው፤ ልጁም ሳይታመም ቀረ።

ተማሪው ይህን አስቦ ልቡ ተጨነቀ። ያች እናት ልጅዋን ለማዳን ሩቅ መንገድ ሄዳ ነበር፤ ይህች እናት ግን በእርሱ ሐሰት ምክንያት ተዘልላ በቤቷ ተቀምጣለች። ዳሩ ግን ሁለት ነገር ፈራ፤ አንደኛው የአባቱ ቍጣ ነው፤ ሁለተኛውም የመከታ ሞት ነው፤ በመንደሩ ሰው የነከሰ ውሻ በድንጋይ ይገደል ነበርና። እራት ቀረበ፤ ልጁ ግን መጕረስ አልቻለም። በመጨረሻም ተነሥቶ ገንዘቡን ከደብተሩ አወጣና በአባቱ ፊት አኖረው። «አባባ፥ መከታ አልተከተበም፤ ዋሽቼዎታለሁ» አለ።

አባቱ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ፋኖሱን አነሣና «ቍጣው ይቈይ፤ ሕፃኒቱ ትቅደም» አለ። ሁለቱም ወደ ጎረቤታቸው ሄደው እውነቱን ነገሯት። ጨርቁንም ፈትተው የሕፃኒቱን እጅ በሚፈስስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጠቡት። አንዲት አሮጊት የተፈጨ ቡና ልትነሰንስበት ፈለገች፤ አባቱ ግን ከለከለ። ሳይነጋም ሕፃኒቱን በበቅሎ አስቀምጠው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷት።

ሐኪሙም «ማጠባችሁ መልካም ነው፤ ቍስሉ ላይ ሌላ ነገር አለመጨመራችሁም መልካም ነው» አላቸው። የመጀመሪያውን ክትባት በዚያው ቀን ሰጣት፤ የሚቀረውንም ቀን ጽፎ ሰጣቸው። ስለ ውሻውም «አትግደሉት፤ 10 ቀን አስራችሁ ተመልከቱት። በነከሳት ጊዜ በሽታው በምራቁ ኖሮ እንደ ሆነ በዚህ ቀን ውስጥ ታምሞ ይሞታል፤ ጤነኛ እንደ ሆነ 10 ቀን ካለፈው ግን በዚህ ንክሻ በሽታ አላስተላለፈም» አለ።

እነዚያ 10 ቀኖች ለልጁ ከዓመት ይልቅ ረዘሙበት። በየጧቱ መብሉን በረጅም እንጨት እየገፋ ይሰጠውና ቆሞ ይመለከተው ነበር። ድምፁ ተለውጦ እንደ ሆነ፥ ምራቁ ይዝረከረክ እንደ ሆነ፥ መብልና ውሃ ጠልቶ እንደ ሆነ ይመረምር ነበር። በዐሥረኛው ቀን መከታ መብሉን ጨርሶ ጅራቱን ወዘወዘ። ልጁም በዚያው ቆሞ አለቀሰ።

አባቱ የሕክምናውንና የመንገዱን ወጪ ከፈለ፤ ሴቲቱ ጠላ ሳትሸጥ የዋለችበትንም ቀን ካሳት። ልጁን አልመታውም፤ ነገር ግን ያሳደጋቸውን ሁለት ዶሮዎች ሽጦ ገንዘቡን ለእርስዋ እንዲሰጥ አዘዘው። ልጁም ዶሮዎቹን በገበያ ሸጠና ገንዘቡን በሁለት እጁ አቀረበላት። እርስዋም ተቀብላ «ልጄ፥ ዶሮ ሌላ ይገዛል፤ ያችን ሌሊት ዝም ብለህ ቢሆን ኖሮ ግን እኔ ምን እገዛ ነበር?» አለችው። የክትባቱ ቀን በተመለሰ ጊዜ በገበያው ሜዳ ከሁሉ ቀድሞ የተገኘው ይህ ልጅ ነበር።

የውሻ ባለቤት ቸልተኝነት ጕዳቱ ከመንደርም ያልፋል። በባሌ ተራሮችና በሌሎች የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በሌላ አገር አይገኝም፤ ያደጉት ቍጥራቸው ከ500 ያነሰ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 ዓመት የእብድ ውሻ በሽታ ካልተከተቡ ውሾች ወደ እነርሱ ተላልፎ በባሌ በዌብ ሸለቆ ብዙዎቹን ጨረሰ። አንድ ያልተከተበ ውሻ ለሕፃንም ለአውሬም ሞት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ውሻ ያለው ልጅ ይህን ይጠብቅ። ውሻ ሲበላ፥ ሲተኛ፥ ቡችሎቿንም ስታጠባ አይንካ። የማያውቀው ውሻ ሲመጣበት አይሩጥ፤ ሮጦ የሚሸሸውን ማሳደድ የውሻ ጠባይ ነውና፥ ቀጥ ብሎ ይቁም። በበግ እርድ ጊዜ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ አይስጥ፤ በዚያ ውስጥ ያለው የትል ዕጭ በውሻው ሆድ አድጎ፥ ዕንቍላሉ ከኵሱ ጋር ወጥቶ ሰውን ይይዛልና። ሽንኩርትም ለውሻ መርዝ ነው፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀቱን ይወጋዋል። ውሻን ከነካ በኋላ ሳይታጠብ አይብላ። ውሻ የነከሰው እንደ ሆነ ደግሞ ቍስሉን ታጥቦ በዚያው ቀን ለታላላቆቹ ይንገር፤ ከቶ አይሸሽግ።

ውሻ መናገር አይችልም። ተርቦ፥ ታምሞ፥ ሳይከተብ ቀርቶ እንደ ሆነ ስለ እርሱ እውነቱን የሚናገር ባለቤቱ ብቻ ነው። የውሻን ታማኝነት የሚያመሰግን ሰው አስቀድሞ እርሱ ራሱ ታማኝ ይሁን።

ጥያቄ።
1. አባትየው ልጁን ስለ እንጀራ ያስቈጠረው ስለ ምንድር ነው?
2. ልጁ የፈራቸው ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
3. ውሻ የነከሰው ሰው አስቀድሞ ምን ማድረግ ይገባዋል?
4. ሐኪሙ ውሻውን 10 ቀን ጠብቁት ያለበት ምክንያት ምንድር ነው?
5. አንድ ውሻ በቀን ሁለት እንጀራ ቢበላ በዓመት ስንት ይበላል?