ርካሹ ሐኪም ስንት ያስወጣል? ስለ አንዲት ውሻ ሕመምና ስለ ቢሾፍቱ መንገድ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ለአንዳንዱ አንባቢያችን ቀልድ መስሎ ሊታየው ይችላል። ሰው ሐኪም ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ በሚጎርፍበት አገር፣ ውሻ ለማሳከም ከአዲስ አበባ የወጡ ተማሪዎች አሉ ቢባል ማን ያምናል? እኛ ግን ሄደናል። ሄደንም አንድ ሂሳብ ተምረን ስለ ተመለስን፣ ነገሩን በጥናት መልክ ለማኅበራችን አባሎች ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ሕመምተኛዋ ቡቺ ትባላለች። የእኛ አይደለችም፤ አራት ሆነን ክፍል የተከራየንበት ግቢ ባለቤት የእማማ ናት። እማማ ልጆቻቸው በያገሩ ተበትነው ብቻቸውን የቀሩ አሮጊት ናቸውና «ሌሊት የሚጠብቀኝ እግዜርና እሷ ናቸው» ይላሉ። በጥር ወር ቡቺን ከብልቷ ደም ይወርዳት ጀመር። ወራቷ ደርሶ ነው ብለን ተውነው። የሴት ውሻ ወራት ግን ከሦስት ሳምንት ገደማ አያልፍም፤ የእርሷ ደም ከዚያ በኋላም አልቆመም። ጎረቤት «መርዝ ሰጥቶ መገላገል ነው» ማለት ሲጀምር፣ በአቅራቢያችን ወዳለ የግል የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ ከእባጩ ናሙና በመስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ካየ በኋላ በውሾች መካከል በግንኙነት የሚተላለፍ ነቀርሳ መሆኑን ነገረን።

የዚህ ነቀርሳ ጠባይ ለብቻው ጽሑፍ የሚወጣው ነው። ሌላው ነቀርሳ ከታመመው አካል ጋር አብሮ ይሞታል። ይህኛው ግን ሕዋሱ ራሱ ከውሻ ወደ ውሻ ይሻገራል፤ ቫይረስ አይሻም፣ ባክቴርያም አይሻም። በግንኙነት ብቻ ሳይሆን ሲሸታተቱና ሲላላሱም ወደ አፍንጫና ወደ አፍ ሊገባ ይችላል። ሩስያዊው የእንስሳት ሐኪም ምስቲስላቭ ኖቪንስኪ በ1876 እ.ኤ.አ. ይህንኑ እባጭ ከአንድ ውሻ ወስዶ በሌላ ውሻ አካል ላይ ሊያበቅለው ችሏል። የዛሬዎቹ ሊቃውንት ደግሞ የዘር ቅንጣቱን መርምረው፣ በዓለም ላይ ያለው የዚህ ዐይነት ነቀርሳ ሁሉ የተነሣው ከብዙ ሺሕ ዓመታት በፊት ከኖረ ከአንድ ውሻ መሆኑን ደርሰውበታል። ያ ውሻ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው! ሕዋሱ ግን እስከ እማማ ግቢ ደርሶ ይኖራል።

ደጉ ነገር በሽታው ብዙውን ጊዜ ይድናል። መድኃኒቱ ቪንክሪስቲን ይባላል፤ በማዳጋስካር ከሚበቅል አበባ የተገኘና ለሰው የደም ነቀርሳም የሚሰጥ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይወጋል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቀጥላል። ከደም ሥሩ ውጭ ጠብ ካለ ሥጋውን ያቃጥላል፤ ነጩን የደም ሕዋስም ስለሚያሳንስ ደሟ በየጊዜው መታየት አለበት። እንግዲህ የሰፈር ድሬሰር ጠርተው በጓሮ የሚያስወጉት መድኃኒት አይደለም። እባጩ ጎደለ ብሎ በመካከሉ ማቋረጥም በሽታው እንዲያገረሽ መንገድ መስጠት ነው።

ችግራችንም የመጣው ከዚህ ነበር። በክሊኒኩ የተጠራልን ዋጋ ለአንድ ቀን ቢሆን ተዋጥተን እንከፍለው ነበር፤ ስድስት ጊዜ ሲባዛ ግን ከእማማ አቅምም ከእኛ ኪስም በላይ ሆነ። በክሊኒኩ አንፈርድም፤ የቤት ኪራይ አለበት፣ መድኃኒቱም ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። በዚህ መካከል ከጓደኞቻችን አንዱ ቢሾፍቱን አነሣ።

ቢሾፍቱ፣ ዛሬም ብዙ ሰው ደብረ ዘይት የሚላት፣ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው እዚያ ነው፤ የተመሠረተው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። የከብት ክትባት የሚሠራው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋምም ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያው ከተማ ይገኛል። የአገራችን የእንስሳት ሕክምና የተወለደው ለውሻ ሳይሆን ለበሬ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው በክፉው ቀን ከብቱን የፈጀው በሽታ ሕዝቡ ደስታ የሚለው ነው (የስሙ ነገር ያስገርማል፤ አባቶቻችን የፈሩትን በክፉ ስሙ አይጠሩም)። ኢትዮጵያ ከደስታ ነጻ መሆኗ የተመሰከረላት በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። የከብት ሀብቷ ከአፍሪካ አንደኛ የሆነ አገር ሐኪሞቿን ወደ ከብቱ ብታሰማራ የሚገባ ነው። የከተማ ውሻ በዚህ መካከል የእንጀራ ልጅ ሆኖ ቀርቷል።

የማስተማሪያ ሆስፒታል ዋጋው ዝቅ የሚልበት ምክንያትም ግልጽ ነው። በጥቁር አንበሳ የተኛ በሽተኛ ዙሪያውን በሕክምና ተማሪዎች እንደሚከበብ ሁሉ፣ እዚያም ተማሪው የሚማረው ከሕመምተኛው እንስሳ ነው። ቡቺም ጠረጴዛ ላይ ስትወጣ ዙሪያዋን ተከበበች። ነጭ ካፖርት የለበሱ እኩዮቻችን አንድ ባንድ እየቀረቡ ሲያዩአት ለእነርሱ መጽሐፍ ሆነችላቸው። ከዋጋው የጎደለውን የከፈለችው በዚህ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ብር በየወሩ ስለሚለዋወጥ በእጅ እንቁጠረው። በአዲስ አበባ ለአንድ መርፌ የተጠየቅነውን 10 እጅ ብንለው፣ ቢሾፍቱ የከፈልነው 4 እጅ ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ!» ይላል። ነገር ግን ቡቺ በእግሯ አትሄድም። ሚኒባስ ውሻ አይጭንም፤ ረዳቱ ገና ከሩቅ ሲያየን በሩን ዘጋው። በዚህም አልተቀየምነውም፤ ከተሳፋሪው ግማሹ ውሻ ከነካው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንዴት እንደሚገባ ያስባል። በኮንትራት መኪና እንውሰዳት ስንል ለደርሶ መልስ 12 እጅ ተጠራ። እንግዲህ 4 እና 12 ሲደመር 16፣ በስድስት ሲባዛ 96 ይሆናል። በከተማው ክሊኒክ ግን 60 ብቻ ነበር። ርካሹ ሐኪም በ36 እጅ ውድ ሆኖ ተገኘ።

ያዳነን እንቁላል ነው። ቢሾፍቱ የዶሮ እርባታ አገር ስለ ሆነች ሌሊት እንቁላል የጫኑ አይሱዙዎች ወደ አዲስ አበባ ገብተው ማለዳ ባዶ ሣጥን ይዘው ይመለሳሉ። ከእነዚህ የአንዱን ሾፌር እማማ ራሳቸው ለመኑት። «እናቴ፣ የሰው ምግብ በምጭንበት ላይ ውሻ?» አለ። «ልጄ፣ ማዳበሪያ እናነጥፍላታለን፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ አጥበው ያስረክቡሃል» አሉት። ተስማማ። ሲመለሱ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ መኖ የሚያመላልስ የእርሱ ጓደኛ ይዟት መጣ። ለሾፌሮቹ የሰጠነውና የአንዳችን የሚኒባስ ሂሳብ አንድ ላይ 2 እጅ ሆነ። ስለዚህ በጉዞ 6፣ በስድስት ጉዞ 36።

ይህም ቢሆን ሙሉ ሂሳብ አይደለም። ጾሙ ስለ ገባ እንቁላል ገዢ ቀነሰ፤ የእኛም አይሱዙ ሰኞና ሐሙስ ብቻ መምጣት ጀመረ። ስለዚህ ቀጠሮውን የሚወስነው ሐኪሙም እኛም ሳንሆን የእንቁላል ገበያ ሆነ። ከዚህ የባሰው ግን የራሳችን ጥፋት ነው። መጀመሪያ የሄድነው ሳንደውል፣ ሳንጠይቅ ነበር። ደርሰን ግቢው ጸጥ ብሎ ስናገኘው ቀኑ የካቲት 23 መሆኑ ትዝ አለን። ከአራታችን ሁለቱ የታሪክ ተማሪዎች ነን፤ የዓድዋን በዓል የረሳን! ያ ጉዞ ከንቱ ቀረ፣ 2 እጅ ተጨመረበት፤ 38 ሆነ። በየሰኞው አንዳችን የሚያመልጠን ትምህርት ደግሞ በእጅ አይቆጠርም። ተራ ገብተን ተካፈልነው፤ የጎደለን ደብተር እንገለብጣለን።

ሆኖም 38 ከ60 ያንሳል። ያነሰውም ሕመሙ መንገድ የሚችል ስለ ሆነ ነው፤ ቡቺ ትበላለች፣ ትሄዳለች፣ አንድ ቀን መዘግየት አይገድላትም። ሁሉም ሕመም እንደዚህ አይደለም። ቡችላ ሲያስታውከውና ደም ያለበት ተቅማጥ ሲይዘው ፓርቮ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሽታ የሰውነቱን ውኃ አድርቆ በአንድ ሁለት ቀን ይገድላል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ርካሽ ፍለጋ 45 ኪሎ ሜትር መሄድ ሬሳ ይዞ መድረስ ነው፤ ተበድሮም ቢሆን ቅርብ ወዳለው መሮጥ ይሻላል። የእብድ ውሻ ክትባት በበኩሉ በዓመት አንድ ጊዜ ስለ ሆነ ለእርሱ ሩቅ መጓዝ አያስፈልግም፤ ስለ ዋጋውም መከራከር አይገባም። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ለሰውም ለውሻም መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

አንድ ወዳጃችን ይህን ረቂቅ አንብቦ «ለሰው ሕክምና በሚታጣበት አገር ይህን ያህል ለውሻ?» ሲል ወቀሰን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ያ ገንዘብ ለእማማ የሌሊት ዘበኛ አይቀጥርላቸውም፤ መርዙም ቢሰጥ ኖሮ የሚገላገለው ጎረቤቱ እንጂ እርሳቸው አልነበሩም። በሆስፒታሉ በር ላይ ቁስለኛ አህያ ይዘው ተራ የሚጠብቁ ገበሬዎች አይተናል፤ ከእነርሱ አንዱም እማማን «ለምን መጣሽ» አላላቸውም።

እስከ ዛሬ አምስት መርፌ ተወግታለች። ከሦስተኛው በኋላ ደሙ ቆሟል፤ እባጩም ከለውዝ ፍሬ አይበልጥም። ስድስተኛው ቀጠሮ የፋሲካ ማግስት ሰኞ ነው። ጾሙ ስለሚፈታ እንቁላሉ እንደ ልብ ይጫናል፤ አይሱዙውም በየቀኑ ይመጣል ብሎናል። ሐኪሙ ግን በዚያ ቀን ይገባ እንደሆነ ዓርብ ሳይደርስ ደውለን እንጠይቃለን።