ሐዲዱ ከሚያልቅበት ወዲያ፤ ስለ ረጅም ዘመን የመጓጓዣ ፕላንና ስለ ኮልፌ ቀራንዮ

የከተማ ፕላን ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለ ቀለም ካርታ ነው። መንገዱ በቀይ፥ መናፈሻው በአረንጓዴ፥ የፋብሪካው ሥፍራ በሌላ ቀለም ተለይቶ ሲታይ ሥራው ሁሉ ያለቀ ይመስላል። ካርታው ግን የፕላኑ ጥላ ነው። ፕላን ማለት ከ20 ዓመት በኋላ ማን፥ ከየት ተነሥቶ፥ ወዴት፥ በምን ይሄዳል ለሚለው ጥያቄ ዛሬ የሚሰጥ መልስ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ መልስ እንዴት እንደሚገኝ ለማስረዳትና የአዲስ አበባን ምዕራባዊ ክፍል፥ በተለይም ኮልፌ ቀራንዮን፥ እንደ ምሳሌ አድርገን ለመመርመር እንሞክራለን። ኮልፌን የመረጥነው ከመካከላችን ብዙዎቹ በየማለዳው ከዚያ እየተነሡ ወደ ስድስት ኪሎ ስለሚመጡና፥ ሥፍራው የከተማው ፕላን ጠርዝ ስለሆነ ነው። የፕላን ብርታትና ድካም የሚለየው በጠርዙ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ አቀማመጡን እንመልከት። ኮልፌ ቀራንዮ በምሥራቅ በኩል የመርካቶ ጎረቤት ነው፤ በምዕራብ በኩል ወጨጫ ተራራ ይታያል። በሰሜን የአምቦ መንገድ በአስኮ አድርጎ ወደ ቡራዩና ወደ ሆለታ ይወጣል፤ በደቡብ የጅማ መንገድ በአየር ጤና አድርጎ ወደ ሰበታ ይወጣል። በነዚህ በሁለቱ አውራ ጎዳናዎች መካከል ቀራንዮ፥ ቤተል፥ ዓለም ባንክና ሌሎችም መንደሮች ሰፍረዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ በክፍለ ከተማው ከ4 መቶ ሺህ በላይ ሰው ተቆጥሯል። በብዙ አገር ይህን ያህል ሕዝብ ያለው ሥፍራ ራሱን የቻለ መካከለኛ ከተማ ይባላል፤ የራሱም የመጓጓዣ ፕላን ይኖረዋል። የኮልፌ ሰው ግን ለሥራም፥ ለትምህርትም፥ ለሕክምናም በአብዛኛው ወደ መሐል ከተማ መውጣት አለበት።

ይህ እንዴት ሆነ ቢባል ነገሩ የሚጀምረው ከገበያ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ባወጣው ፕላን ነጩን ከኢትዮጵያዊው ለመለየት ሲል ገበያውን ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛውሮ ዛሬ መርካቶ በምንለው ቦታ አደረገው። ውሳኔው የገበያ እንጂ የመንገድ አይመስልም ነበር። ይሁን እንጂ ከጅማና ከወለጋ የሚመጣው ጭነት፥ ነጋዴውና ተሸካሚው ሁሉ በምዕራቡ በር መግባቱን ቀጠለ፤ ከገበያው አጠገብ ማደር የፈለገውም ሰው ወደ ኮልፌ ሰፈረ። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርታችን ይህ ነው፤ ስለ መሬት የሚሰጥ ውሳኔ ሁሉ፥ ተባለም አልተባለም፥ ስለ መጓጓዣ የተሰጠ ውሳኔ ነው።

ከነፃነት በኋላ ከተማዋ ፕላን አላጣችም። በ1940ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ የቀለበት መንገዶችንና በዙሪያው የሚቆሙ ታናናሽ ከተሞችን ሐሳብ አቀረቡ። በ1950ዎቹ ፈረንሳዊው ሉዊ ደ ማርየን ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር የሚወርደውን ሰፊ ጎዳና የፕላናቸው አከርካሪ አደረጉት። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ባለሙያዎች አብረው ሌላ ፕላን ሠሩ፤ እርሱም በ1990ዎቹ ተከልሶ፥ ቀጥሎ ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. እንዲያገለግል የታሰበ መዋቅራዊ ፕላን ወጣ። ልብ ልንለው የሚገባን በሐሳቡና በሥራው መካከል ያለውን ርቀት ነው። የቀለበት መንገድ ሐሳብ በአበርክሮምቢ ዘመን ተነሥቶ ሥራው የተጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ቆየ ማለት ነው። በዚህ መካከል ሰው መንገዱን አልጠበቀም፤ ቤቱን ሠራ፥ ልጁን ዳረ፥ ጎረቤት አበጀ። መንገዱ ሲመጣ ያገኘው ባዶ ሜዳ ሳይሆን ሰፈር ነበር።

አሁን ወደ ዘዴው እንለፍ። የረጅም ዘመን የመጓጓዣ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ በዲትሮይትና በቺካጎ ከተሞች ጎልምሶ ወደ ሌላው ዓለም የተዛመተ ሲሆን፥ በአራት ደረጃዎች ይከፈላል።

አንደኛ፤ ጉዞ ከየት ይወለዳል? ከተማው በቀበና በሰፈር ይከፋፈልና በያንዳንዱ ክፍል ስንት ቤተሰብ፥ ስንት ሠራተኛ፥ ስንት ተማሪ እንዳለ ይቆጠራል። በአስኮ በኩል የሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ የተተከለው ቤት ብቻ አይደለም፤ በየማለዳው የሚነሣ በሺህ የሚቆጠር ጉዞም አብሮ ተተክሏል።

ሁለተኛ፤ ጉዞው ወዴት ይሄዳል? ከቤተል የሚነሣው ሰው መርካቶ ይውላል፥ ሜክሲኮ ይውላል ወይስ ቦሌ? ሥራ ያለበት ቦታ እንደ ማግኔት ይስባል፤ ርቀትና ወጪ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዛሉ።

ሦስተኛ፤ በምን ይሄዳል? በእግር፥ በአንበሳ ወይም በሸገር አውቶቡስ፥ በሚኒባስ ታክሲ፥ በባቡር ወይስ በግል መኪና?

አራተኛ፤ በየትኛው መንገድ ይሄዳል? ቢጨናነቅስ በየት ይዞራል?

ለነዚህ ለአራቱ ጥያቄዎች የዛሬው መልስ ከተገኘ በኋላ የ20 ዓመቱ ይሰላል። የሕዝብ ብዛት በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በቀላሉ ለማወቅ 70ን በዓመታዊው የዕድገት መቶኛ ማካፈል ነው። ዕድገቱ በመቶ 3.5 ነው ብንል በ20 ዓመት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለዛሬው ሰው ብቻ ተለክቶ የሚሠራ መንገድ ሪባኑ በሚቆረጥበት ቀን ጠቦ ይገኛል ማለት ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እናጠናክረው። በጦር ኃይሎች አደባባይ በአንድ የማለዳ ሰዓት 6,000 ሰው ወደ መሐል ከተማ ማለፍ አለበት ብለን እንገምት፤ ይህ ለትምህርት ያህል የወሰድነው ቁጥር ነው። ሁሉም 12 ሰው በሚይዝ ሚኒባስ ቢሄድ 500 ታክሲ ያስፈልጋል፤ ይህም በየ7 ሴኮንዱ አንድ መሆኑ ነው። 80 ሰው በሚይዝ አውቶቡስ ቢሄድ 75 አውቶቡስ ይበቃል፤ በየ48 ሴኮንዱ አንድ ይሆናል። ሁለት ሁለት ሆኖ በግል መኪና ቢሄድ ግን 3,000 መኪና ይሆናል፤ ይህን ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ረድፍ መንገድ ሊያሳልፈው አይችልም። እንግዲህ መንገዱ ጠበበ ከማለታችን በፊት መንገዱን ማን ሞላው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ዘዴው ይህን ያህል ከተገለጸ፥ በኮልፌ የተደረገውን በዚሁ ሚዛን እንመዝን። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። 475 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበታል፤ አብዛኛውም ከቻይና የኤክስፖርትና ኢምፖርት ባንክ በብድር የተገኘ ነው። የምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ፥ በስታዲየም፥ በሜክሲኮና በልደታ አልፎ ጦር ኃይሎች ላይ ያልቃል። ጦር ኃይሎች የኮልፌ ቀራንዮ ደጃፍ ነው። ሐዲዱ ደጃፍ ደርሶ ቆመ ማለት ነው። ሰዉ የሚኖረው ግን ከዚያ ወዲያ በአየር ጤና፥ በዘነበወርቅ፥ በዓለም ባንክና በቤተል ነው። ይህ ሰው ባቡሩ ዘንድ ለመድረስ አስቀድሞ ታክሲ መያዝ አለበት። ታክሲ ከያዘ በኋላ ወርዶ ሌላ ሰልፍ ከመሰለፍ በዚያው መቀጠልን ይመርጣል፤ ማምሻውን ታክሲዎች መስመሩን ሲቆራርጡበትም ለአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በዚህ ላይ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸው ተዘግቧል። የረጅም ዘመን ፕላን የሚገዛውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሚጠገንበትንም ገንዘብ አብሮ መቁጠር እንዳለበት ከዚህ የበለጠ አስረጂ አያስፈልግም።

የቀለበት መንገዱስ? ከጦር ኃይሎች በ18 ማዞሪያ በኩል ወደ ዊንጌት የሚዘልቀው ክፍል ለጭነት መኪና ትልቅ እፎይታ መሆኑ አይካድም። ለእግረኛው ግን አጥር ሆኖበታል። በፊት መንገድ ተሻግሮ ዕቃ ይገዛ የነበረ ሰው ዛሬ መሸጋገሪያ ድልድይ ፍለጋ ሩቅ መሄድ፥ ደረጃ መውጣትና መውረድ አለበት፤ አሮጊቷና ሸክም የያዘው ደግሞ በአጥሩ መካከል ለመሹለክ ይገደዳሉ። የከተማው አስተዳደር ስለ እግረኛና ስለ ብስክሌት ባወጣው የ10 ዓመት ስልት ላይ በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር መሆኑ ተገልጿል። ነገር ግን በአራቱ ደረጃዎች ጥናት ሲደረግ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ተሽከርካሪ ነው። ያልተቆጠረ ሰው በፕላን ውስጥ የለም፤ በፕላን ውስጥ የሌለ ሰው ደግሞ የእግር መንገድ አይሠራለትም።

ከሁሉ የሚከብደው የወሰን ጉዳይ ነው። ከቡራዩ ወይም ከሰበታ በማለዳ ተነሥቶ መርካቶ የሚውል ሰው ሲሄድም ሲመለስም የአስተዳደር ወሰን ይሻገራል፤ እግሩ ግን ወሰኑን አያውቀውም። ስለዚህ የምዕራቡን መጓጓዣ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ብቻውን ሊያቅደው አይችልም። ይህን በማሰብ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ የልማት ፕላን ቀርቦ ነበር። ውጤቱ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ገበሬው ፕላኑን ያየው እንደ መንገድ ሳይሆን እንደ መፈናቀል ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአምቦና በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች፥ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከጊንጪ ጀምሮ ተቃውሞ ተነሣ፤ ተማሪዎችና ሌሎች ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ ተሰረዘ። ጊንጪም አምቦም የሚገኙት ከአስኮ በሚወጣው በዚያው አውራ ጎዳና ላይ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ፕላኑ ቢሰረዝም ጉዞው አልተሰረዘም። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩና ሰበታን ጨምሮ በዙሪያው ያሉ ከተሞች ሸገር ከተማ ተብለው በአንድ አስተዳደር ተደራጁ። አሁን በመንገዱ ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት ትልልቅ ከተሞች ተፋጠው ይገኛሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ ከ50 ሺህ በላይ ሕዝብ ባለበት የከተማ አካባቢ ሁሉ ፕላኑ የማይቋረጥ፥ ሁሉን ያጠቃለለና በአጎራባቾች ትብብር የሚሠራ እንዲሆን አዘዘ፤ ይህ ካልተፈጸመ የፌዴራሉ የመንገድ ገንዘብ አይሰጥም። የእኛ አገር ሁኔታ የተለየ ነው፤ የመሬቱም ጥያቄ የጠለቀ ነው። ቢሆንም ትብብር የሚጀመረው ካርታው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቆጠራ ጀምሮ መሆኑን፥ ባለመሬቱም የሚጠየቀው ችካል ከመተከሉ በፊት መሆኑን ልንማርበት እንችላለን።

መሬትን አስቀድሞ መጠበቅ ምን እንደሚያስገኝ የብራዚሏ ኩሪቲባ ታስረዳናለች። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣችው ፕላን የምታድግባቸውን አቅጣጫዎች ወሰነች፤ በመንገዶቹ መካከል ለአውቶቡስ ብቻ የሚሆን ረድፍ አስቀመጠች፤ ረጃጅም ቤቶችም በነዚያው መስመሮች ዳር ብቻ እንዲሠሩ ፈቀደች። በ1974 የመጀመሪያዎቹ ፈጣን አውቶቡሶች ሥራ ሲጀምሩ ቦታቸው ተጠብቆ ቆይቷቸው ነበር። በእኛም ከተማ ከዊንጌት እስከ ጀሞ በምዕራቡ ክፍል የሚዘልቅ ፈጣን የአውቶቡስ መስመር በፈረንሳይ ድጋፍ ታስቦ ከ10 ዓመት በላይ ሲነገርለት ቆይቷል። በዘገየ ቁጥር ግን በመስመሩ ላይ ያለው ቤት ይበዛል፤ በካሣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የሚከፈለው ካሣ ይጨምራል፤ ከጎረቤቱ የሚለያየውም ሰው ይበረክታል። አባቶቻችንና እናቶቻችን መጥኖ መደቆስን ያስተማሩን ለወጥ ብቻ አይደለም።

ከላይ የተዘረዘረውን ስናጠቃልል ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፥ ለምዕራቡ ክፍል ከሐዲዱና ከፎቁ በፊት የአውቶቡስና የእግረኛ መተላለፊያ መሬት ተለክቶ ይጠበቅ። ሁለተኛ፥ ባቡሩን ወደ አየር ጤና ለማራዘም ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ከጦር ኃይሎች ወዲያ ያሉትን ሰፈሮች ከባቡሩ ጋር የሚያገናኙ አውቶቡሶች በአንድ ቲኬት ይመደቡ። ሦስተኛ፥ አዲስ አበባና ሸገር የጉዞ ቆጠራውን አብረው ያድርጉ፤ ውጤቱንም ለነዋሪውና ለገበሬው በሚያውቀው ቋንቋ አስቀድመው ያስረዱ።

እኛ ተማሪዎች መንገድ አንሠራም፤ መቁጠር ግን እንችላለን። በጦር ኃይሎች፥ በአየር ጤና፥ በ18 ማዞሪያና በአስኮ ሁለት ሁለት ሆነን ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ብንቆም፥ አንዳችን በእግሩ የሚያልፈውን፥ ሌላችን በተሽከርካሪ የሚያልፈውን ሰው ብንመዘግብ፥ ደብተርና እርሳስ ይበቃናል። የስታቲስቲክስ ተማሪዎች ቁጥሩን ያስተካክሉ፤ የጂኦግራፊ ተማሪዎች ካርታውን ያንሡ፤ የሕግ ተማሪዎች የካሣውን አንቀጽ ያብራሩ፤ አፋን ኦሮሞ የሚችሉ ጓደኞቻችን ወሰኑን ተሻግረው ቡራዩ ላይ ይጠይቁ። የተገኘውን በዚህ መጽሔት ላይ እናወጣዋለን፤ ቅጂውንም ለሁለቱም ከተሞች መስተዳድር እናቀርባለን። እስካሁን ያልተቆጠረው እግረኛ ያን ጊዜ ቢያንስ በአንድ ወረቀት ላይ ይገኛል።