«ለምን አደረግከው?» ከማለታችን በፊት

  ሱረቱል ከህፍን የቀራችሁ አላህ ይቀበላችሁ፤ ያልቀራችሁም እስከ መግሪብ ጊዜ አላችሁ። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትንም አንርሳ።

የዛሬው ርዕሳችን የተጠርጣሪና የተከሳሽ መብት ነው። «ይህ የጠበቃና የዳኛ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ወር፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በምሰግድበት መስጂድ የአንድ ወንድማችን ስልክ ዉዱእ ማድረጊያው ጋ ጠፋ። አጠገቡ ዉዱእ ሲያደርግ የታየ ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ነበር። ኪሱ ሲፈተሽ ተመሳሳይ ስልክ ተገኘ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ኮሌታውን ያዘው፣ አንዱ በጥፊ መታው፣ ሌላው ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። እኔ ስደርስ ልጁ እያለቀሰ ነበር። ድብደባውን አስቆምኩ። ከዚያ ግን ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ለምን አደረግከው?» የሚል ነበር።

«አድርገሃል ወይ?» አላልኩትም። ሳልጠይቀው ፈርጄበት ነበር።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ወደ ጠፋው ስልክ ለመደወል ያሰበ ሰው አልነበረም። ሲደወል ያነሳው የባለቤቱ ታናሽ ወንድም ነው። «እንዳይጠፋብህ ብዬ ይዤው ወደ ቤት ሄድኩ» አለ። ልጁ ኪስ ውስጥ የተገኘው የራሱ የልጁ ስልክ ነበር። ሰዉ «አፉ በለን» ብሎ ተበተነ። ቪዲዮው ግን በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ «ሌባ መስጂድ ውስጥ ተያዘ» ተብሎ ሁለት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብቷል። በማግስቱ ከባለ ስልኩ ጋር ይቅርታ ልንጠይቅ ቤታቸው ሄድን። እናቱ በክብር ተቀበሉን። ስንወጣ ግን «ኡስታዝ፣ ስልኩስ ተገኘ። የልጄን ስም ከየት ነው የምናገኘው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ነው።

1. ክስ ማስረጃ አይደለም

ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና በአርበዒን አን-ነወዊያ 33ኛ ሆኖ በተመዘገበው ሐዲስ፣ ሰዎች ስለተናገሩ ብቻ የጠየቁት ቢሰጣቸው ኖሮ የሌሎችን ደምና ንብረት ይወስዱ እንደነበር ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ማስረጃ ማቅረብ ያለበት ከሳሹ ነው፤ የሚክደው ሰው ላይ ያለው መሐላ ነው። ስለዚህ «ንጹሕ መሆንህን አስረዳ» ብሎ ተጠርጣሪውን ማስጨነቅ ሸክሙን ያለ ቦታው መጫን ነው።

ፊቅህ የተማራችሁ ይህን በዉዱእ ታውቁታላችሁ። ዉዱእ እንዳደረገ እርግጠኛ የሆነ ሰው በኋላ «ፈታሁ ይሆን?» ብሎ ቢጠራጠር ዉዱኡ አይፈርስም፤ እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይሻርምና። ዑለማዎቻችን ይህንኑ ቃዒዳ በሰው ላይም ይሠሩበታል። የሰው ልጅ መነሻው ንጽሕና ነው። ይህን መነሻ የሚያነሳው ማስረጃ እንጂ «ይመስለኛል» አይደለም። ታዲያ ለዉዱኣችን የምንሰጠውን ጥንቃቄ ለወንድማችን ክብር እንዴት እንነፍገዋለን?

የአገራችን ሕገ መንግሥትም በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ አንቀጽ 20 ላይ ይህንኑ አስፍሯል። የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። ቃላቱን እንለይ። ፖሊስ የያዘው ሰው ተጠርጣሪ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበት ተከሳሽ ይሆናል፤ ጥፋተኛ የሚባለው ፍርድ ቤት ማስረጃውን ሰምቶ ሲወስን ብቻ ነው። እኛ ግን አንድ ሰው ገና ሲያዝ «ሌባው»፣ «ገዳዩ» ብለን እንጽፋለን።

2. ሌላኛውን ወገን ሳትሰማ አትፍረድ

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊይን (ረ.ዐ) ለዳኝነት ወደ የመን ሲልኩት፣ ሁለት ባለጉዳዮች ፊቱ ሲቀርቡ የአንዱን ሰምቶ የሌላውን ሳይሰማ እንዳይፈርድ መክረውታል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ልብ በሉ፤ የተመከረው ዐሊይ ነው። በዕውቀትም በተቅዋም ከዐሊይ የማንደርስ እኛ፣ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይተን እንፈርዳለን።

በሱረቱ ሷድ ደግሞ ሁለት ባለጉዳዮች ዳውድ (ዐ.ሰ) ዘንድ ገቡ። አንደኛው ዘጠና ዘጠኝ በጎች ያሉት ወንድሙ የእርሱን አንዲት በግ እንደፈለገበት ተናገረ። ዳውድ ወዲያው «በድሎሃል» የሚል ፍርድ ሰጡ፤ ከዚያም ፈተና እንደነበረ ገብቷቸው በሱጁድ ወደ ጌታቸው ተመለሱ። ከሙፈሲሮች ከፊሎቹ የተመለሱበት ምክንያት የሁለተኛውን ወገን ቃል ሳይሰሙ መፍረዳቸው ነው ይላሉ። የሚያሳዝን ታሪክ መስማት ብቻውን ለፍርድ አይበቃም። በአገራችንም ሕግ ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት፣ ምስክሮችን የመጠየቅና የራሱን ምስክር የማሰማት መብቱ የተጠበቀ ነው።

3. በዱላ የወጣ ቃል ቃል አይደለም

ዐማር ቢን ያሲርን (ረ.ዐ) የመካ ሙሽሪኮች አሰቃይተው የኩፍር ቃል አናገሩት። አላህ ግን በሱረቱ አን-ነሕል 106ኛ አንቀጽ፣ ልቡ በኢማን ረግቶ ሳለ የተገደደን ሰው ከተጠያቂነት ለይቶ አወጣ። በማስገደድ የወጣ የኩፍር ቃል ካልተቆጠረ፣ በጥፊ የወጣ «ሰርቄያለሁ» እንዴት ይቆጠራል?

አቡ ዳውድ የዘገቡት ሌላም ታሪክ አለ። ንብረት የተሰረቀባቸው ሰዎች ሸማኔዎችን ጠርጥረው ወደ ሶሓባው አን-ኑዕማን ቢን በሺር ዘንድ አመጡ። ኑዕማን ለተወሰኑ ቀናት አቆይቶ ለቀቃቸው። ከሳሾቹ «ሳትመታቸውና ሳታወጣጣቸው ለቀቅካቸው?» ብለው መጡ። እርሱም ከፈለጋችሁ ልምታቸው አለ፤ ንብረታችሁ ከተገኘ መልካም፣ ካልተገኘ ግን ከእነርሱ ጀርባ ያነሳሁትን ያህል ከእናንተ ጀርባ ላይ አነሳለሁ። ይህ ያንተ ፍርድ ነው ወይ ሲሉት፣ የአላህና የመልእክተኛው ፍርድ መሆኑን ነገራቸው። ይህ ታሪክ ያን ዕለት ትዝ ብሎኝ ጮክ ብዬ ተናግሬው ቢሆን፣ ስንት እጅ ይሰበሰብ ነበር!

4. የምትጠላው ሰውም መብት አለው

በመዲና አንድ ሰው ጥሩር ሰረቀ። ነገሩ ሊጋለጥ ሲል በአንድ አይሁዳዊ ላይ አላከከው። ጎሳዎቹም ረሱል ዘንድ መጥተው ተከራከሩለት። ሙፈሲሮች እንደሚጠቅሱት የሱረቱ አን-ኒሳእ ከ105ኛው ጀምሮ ያሉት አንቀጾች የወረዱት በዚህ ጉዳይ ነው። ቁርኣን ሙስሊም ነኝ የሚለውን አጋልጦ አይሁዳዊውን ነጻ አደረገ። 112ኛው አንቀጽም፣ ኃጢአት ሠርቶ በንጹሕ ሰው ላይ የሚወረውር ቅጥፈትንና ግልጽ ወንጀልን እንደተሸከመ ይነግረናል። እስከ ቂያማ በሶላት የሚነበበው ይህ ነው፤ በሃይማኖት የማይመስለን የአንድ ሰው ንጽሕና። እንግዲህ ተጠርጣሪው የሌላ ብሔር፣ የሌላ እምነት ወይም የሌላ ሰፈር ሰው ሲሆን ማስረጃ ሳንጠይቅ የምንቀበል ከሆነ፣ ራሳችንን እንመርምር።

«ታዲያ ሌባ ይለቀቅ ወይ?»

አይለቀቅም። ከባለ ሥልጣን ጎሳ የሆነች የመኽዙም ሴት ሰርቃ ኡሳማ (ረ.ዐ) ሊያማልዳት ሲመጣ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የገዛ ልጃቸው ፋጢማም ብትሆን እንደማይምሩ ተናግረዋል። ይህ ግን ጥፋቱ በተረጋገጠ፣ ፍርዱም በባለቤቱ በተሰጠ ጊዜ ነው። ሸሪዓ ቅጣትን ለጎረምሶች ስብስብ አልሰጠም። በአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚያዩት እንደ ጋብቻ፣ ፍቺና ውርስ ያሉ ጉዳዮችን ነው፤ ወንጀል የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ እጅ ከፍንጅ የያዝነውን ሰው ሳንነካው ለፖሊስ እናስረክባለን፤ ያየነውን ብቻ እንመሰክራለን። ከዚያ ያለፈው ዙልም ነው፤ የመታም በሕግ ይጠየቃል።

ብትያዙ ማወቅ ያለባችሁ

ነገ ተረኛው እናንተ ወይም ወንድማችሁ ሊሆን ይችላል። ሕገ መንግሥቱ ከአንቀጽ 19 እስከ 21 ያስቀመጣቸውን እነዚህን ያዙ፦

• የተያዛችሁበት ምክንያት በምትረዱት ቋንቋ ወዲያው ሊነገራችሁ ይገባል።
• ቃል ያለመስጠት መብት አላችሁ። የምትሰጡት ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንባችሁ እንደሚችልም ሊነገራችሁ ይገባል።
• ለመንገድ ከሚያስፈልገው ጊዜ ውጪ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ።
• ተገድዳችሁ የሰጣችሁት ቃል ተቀባይነት የለውም። ተገድዳችሁ ከሆነ ዳኛው ፊት ተናገሩ።
• በሕግ ከተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች በቀር ዋስትና መጠየቅ ትችላላችሁ።
• በመረጣችሁት ጠበቃ መወከል ትችላላችሁ። አቅም ከሌላችሁና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆማል።
• የትዳር ጓደኛ፣ ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጎበኛችሁ ይችላል።

በተግባር ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም የሚል አለ፤ እውነት ነው፣ ይጓደላል። መብቱን የማያውቅ ሰው ግን መጓደሉን እንኳ አያውቅም። መብቱን ስትጠይቁም በአደብ ይሁን፤ መሳደብና መታገል ጉዳዩን ያከብደዋል።

በመጨረሻም ወደ እናትየዋ ጥያቄ ልመለስ። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ያለ ጥፋታቸው ታሰሩ። ቀሚሳቸው ከኋላ መቀደዱ ንጹሕነታቸውን አስረድቶ ነበር፤ ማስረጃው እያለ ታሰሩ። ከዓመታት በኋላ ንጉሡ «ይምጣልኝ» ሲል ተሯሩጠው አልወጡም። መልእክተኛውን መልሰው ልከው ጉዳያቸው እንዲመረመር ጠየቁ። ከእስር መፈታት ብቻ አልበቃቸውም፤ ስማቸውም እንዲጠራ ፈለጉ። ያቺ እናት የጠየቁን ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት ሥራችን ሦስት ይሁን። አንደኛ፣ በስልካችን ያለውን ያልተረጋገጠ የ«ሌባ ተያዘ» ቪዲዮ እናጥፋ። ሁለተኛ፣ ያጋራነው ካለ፣ ባጋራንበት በዚያው ቦታ «ተሳስቼ ነበር» ብለን እንጻፍ፤ ተውባ ለሰው ሐቅ ሲሆን ሐቁን መመለስን ይጨምራልና። ሦስተኛ፣ ሰው ተከቦ ስናይ የመጀመሪያ ቃላችን «አድርገሃል ወይ?» ይሁን፤ መልሱንም እንስማ።

እኔ በጀመዓው ፊት ስህተቴን ተናግሬያለሁ። ልጁ ግን እስካሁን ወደዚያ መስጂድ አልተመለሰም። ዱዓ አድርጉለት፤ ለእኔም።

አላህ ከመበደልም ከመበደያም ይጠብቀን። ምላሳችንንና ጣታችንን ከሰው ክብር ላይ ያንሳልን። ያለ ጥፋታቸው የታሰሩትን በኸይር ያስፈታቸው፤ የተበደሉትንም ሐቃቸውን ይመልስላቸው። አሚን።