የታተመ ፎቶግራፍ ለምን ይጠቁራል?

በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ደምቆ የታየን ፎቶግራፍ ስናትመው ጠቁሮ የሚወጣው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በፕሪንተሩ ላይ እናላክካለን፤ የተለመደው መንስኤ ግን የስክሪኑ ድምቀት ከልክ ማለፉ ነው። ስክሪን የራሱን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ያመነጫል፤ የታተመ ወረቀት ግን ከሌላ ምንጭ ያረፈበትን ብርሃን ከፊሉን ብቻ ያንጸባርቃል። ስክሪኑ ከመጠን በላይ ሲደምቅ ፎቶግራፉን ያለአግባብ እናጠቁረዋለን፤ በዚህም በጠይም ፊት ላይ ያሉት ረቂቅ ጥላዎች ቀድመው ይጠፋሉ። ዓይናችን ደግሞ ብርሃኑን ቶሎ ስለሚላመድ ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ስለሆነም ስክሪኑ ለ30 ደቂቃ ያህል ከበራ በኋላ ከለሪሜትር በተባለው የቀለም መለኪያ እንለካዋለን። ለኅትመት ሥራ ድምቀቱ በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ፣ የነጩ ቀለም ሙቀት 6500 ኬልቪን፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን ያለውን እርከን የሚወስነው ጋማ ደግሞ 2.2 እንዲሆን ይመረጣል። ከመለኪያው ጋር የሚሠራው ፕሮግራም የስክሪኑን ጠባይ የሚገልጽ ፕሮፋይል ያዘጋጃል፤ ለፕሪንተሩና ለወረቀቱም ተገቢውን ፕሮፋይል መምረጥ ይገባናል።

መለኪያው ከሌለን፣ በቂ ብርሃን ባለው ክፍል ውስጥ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ይዘን፣ የስክሪኑ ነጭ ከወረቀቱ ጋር እስኪቀራረብ ድምቀቱን እንቀንስ። ይህ ብቻውን ቀለምና ወረቀትን ከብክነት ያድናል።