በስሜ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ

ይህ ማሳሰቢያ ማራኪ ለምትኖሩ፣ ማራኪ ግቢ ለምትማሩ፣ ዳባትና ደባርቅ ሆናችሁ ልጆቻችሁን ወደ ጎንደር ለላካችሁ ወላጆችም ነው። የጻፍኩት አንድ የማላውቀው ሰው በስሜና በፎቶዬ የቴሌግራም አካውንት ከፍቶ ከዘመዶቼና ከማኅበርተኞቼ ብር ሲለምን ስለከረመ ነው። ስልኬን አልነካም፤ የሚስጥር ቁጥሬንም አልሰረቀም። ፎቶና ስም ብቻ በቅቶታል።

ብር የሚጠይቅ መልእክት ሲደርሳችሁ ደውሉ። የምትደውሉት ቀድሞ በምታውቁት ቁጥር ይሁን እንጂ መልእክቱ ውስጥ በተሰጣችሁ አይሁን። ባለቤቱ ካልተገኘ የትዳር ጓደኛውን፣ ጎረቤቱን ወይም የሥራ ባልደረባውን ጠይቁ። ቴሌግራም ላይ ስምና ፎቶ ማንም እንደፈለገ መቀየር ይችላል፤ ስለዚህ ፎቶውን ስላወቃችሁት ብቻ ሰውየውን አወቅነው አትበሉ።

መጠየቅን እንደ ነውር አትዩት። ለእኔ የዚህ ሁሉ ነገር ሥሩ እዚህ ላይ ነው። አንዲት ማኅበርተኛችን ለዚያ ሰው ብር ላከች። መጠራጠሯን ነግራኛለች፤ ግን «ቸግሮት ቢሆንስ? ደውዬ ባሳፍረውስ?» ብላ ተወችው። ከላከችም በኋላ ብሩን መልስልኝ ያለችኝ እንዳይመስለኝ ብላ ዝም አለች፤ እኔ ነገሩን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። አጭበርባሪው የኖረው በዚህ ይሉኝታችን ነው። በእኔ ስም ብር ከተጠየቃችሁ ደውላችሁ «እውነት አንተ ነህ?» በሉኝ። አልቀየምም፤ እንዲያውም አከብራችኋለሁ። እናንተም ለቤተሰባችሁ ይህንኑ አስቀድማችሁ ንገሩ።

የአነጋገሩን ለዛ አድምጡ። ዳባት ያሉት አጎቴ ያልተታለሉት ቴክኖሎጂ ስለሚያውቁ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ «አንቱ» እያልኳቸው ስለኖርኩ፣ በስሜ በድንገት «እንዴት ነህ» የሚል መልእክት ሲደርሳቸው «ይህ የእኛ ልጅ አይደለም» ብለው ነው የተዉት። ስለ ቤተሰብ ጤና ሳይጠይቅ ቀጥታ ወደ ብር የሚገባ፣ የልጆቻችሁን ስም የማይጠራ፣ «አሁኑኑ» የሚል መልእክት ያጠራጥራችሁ።

«ካሜራዬ ተበላሽቷል፣ መደወል አልችልም» የሚለውን ሰበብ አትቀበሉ። ይህ ሰበብ ከከተማችን ከጎንደር የበለጠ ዕድሜ አለው። የዐፄ ፋሲል አባት ዐፄ ሱስንዮስ በ1599 ዓ.ም. ጎል በተባለው ቦታ ዐፄ ያዕቆብን ድል ካደረጉና ያዕቆብም ከሞቱ በኋላ፣ በስተሰሜን በደብረ ቢዘን ገዳም አካባቢ «ያዕቆብ እኔ ነኝ፤ አልሞትኩም» የሚል ሰው ተነሣ። በጦርነቱ ፊቴ ቆስሏል እያለ ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ ይሄድ ነበር። ብዙ ሕዝብ ተከተለው፤ የንጉሡ ጦር ደጋግሞ ቢያሸንፈውም ወደ ሐማሴን ተራሮች እየሸሸ አመለጠ። በመጨረሻ ተገድሎ ጨርቁ ሲገለጥ ፊቱ ላይ ጠባሳ አልተገኘም። ስንት ሰው ያለቀው ያን ጨርቅ ገልጦ የሚያይ ስለጠፋ ነው።

ድምፅ ስለሰማችሁም ብቻ አትመኑ። በ2016 ዓ.ም. ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የኩባንያ ሠራተኛ፣ አለቃውንና ባልደረቦቹን በቪዲዮ እያየና እየሰማ መስሎት ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ላከ፤ ምስሉም ድምፁም በኮምፒዩተር የተሠራ ነበር። የእገታ ስጋት ባለበት በእኛ አካባቢ «ልጃችሁ ተይዟል» የሚል ጥሪ ቢመጣ መደንገጥ የማይቀር ነው። ለዚህ ጊዜ የሚሆን፣ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀው አንድ ጥያቄ ይኑራችሁ፤ የአያታችሁ ላም ስም ሊሆን ይችላል። ይህን ጥያቄ በመልእክት አትጻፉት፤ በቃል ተነጋገሩበት።

ከመላካችሁ በፊት የተቀባዩን ስም አንብቡ። የባንክ መተግበሪያ ማረጋገጫውን ከመጫናችሁ በፊት የሒሳቡን ባለቤት ስም ያሳያችኋል። «የእኔ ሒሳብ ታግዷል፣ በጓደኛዬ ላኩልኝ» ከተባላችሁ አትላኩ።

በኤስኤምኤስ የመጣላችሁን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትስጡ። ለባንክ ሠራተኛ ነኝ ባይም ቢሆን።

የመታወቂያ ቅጂ ስትሰጡ ጽሑፉን በማይሸፍን ቦታ ለምን ጉዳይ እንደሰጣችሁና ቀኑን ጻፉበት። የፋይዳ ካርዳችሁን ፎቶ በቡድን መልእክት አትላኩ። ስልክ ቁጥር ስትቀይሩ ደግሞ አሮጌውን ቁጥር ከቴሌግራምና ከባንክ ሒሳባችሁ ላይ አስነሡ፤ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ሰው ይሸጣል።

በስማችሁ የተከፈተ አካውንት ካያችሁ መጀመሪያ ስክሪን ሾት አንሡ፤ የተጠቃሚ ስሙን፣ የተጻፈውን መልእክት፣ ብር የተላከበትን የሒሳብ ቁጥርና ቀኑን ሁሉ ያዙ። ሰውየው ሊያጠፋው ስለሚችል ይህን ሳታደርጉ አትሳደቡት፣ አትዛቱበት። ከዚያ አካውንቱን ሪፖርት አድርጉ፤ ወዳጆቻችሁም እንዲያደርጉ ጠይቁ። ለዕድራችሁ፣ ለዕቁባችሁ፣ ለማኅበራችሁ በቃልም በጽሑፍም አሳውቁ፤ ቴሌግራም የማይከፍቱ አሉና የዕድር ጥሩንባ ነፊም ይንገር። በግምት የሰው ስም ግን አትጥሩ። እኔም ያን ሰሞን ጠረጠርነው የተባለ ወጣት ስም ሲነሣ ሰምቻለሁ፤ ማስረጃ አልነበረም፣ እንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ የሰው ሕይወት ያበላሻል።

ብር ከተላከ ሰዓት አታባክኑ። ንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ ቴሌብር ከሆነ 127 ደውሉ፤ ሌላ ባንክ ከሆነ የራሱን ቁጥር። ወዲያው ደግሞ በቅርባችሁ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ቃላችሁን ስጡ። «ትንሽ ብር ነው» ብላችሁ አትመለሱ። በስም ማታለል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ያስጠይቃል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። ይኸው አዋጅ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። ሳትዘገዩ ብታመለክቱ መርማሪው የሚፈልገው መረጃ ገና አለ ማለት ነው።

ለተታለለ ሰው «እንዴት አላወቅህም?» አትበሉት። ያቺ ማኅበርተኛችን ዝም ባትል ኖሮ ከእሷ ቀጥሎ የተለመኑት ሰዎች ይጠነቀቁ ነበር። ብሩን የላከችው ለእኔ የደረሰችልኝ መስሏት ነው፤ የማኅበሩ አባላት ተነጋግረን አዋጥተን ከፍለናታል፣ እናንተም በምትችሉት መጠን እንዲሁ አድርጉ።

ተማሪዎች፣ ለዕረፍት ቤት ስትገቡ የወላጆቻችሁን ስልክ ተቀብላችሁ የቴሌግራሙን የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ክፈቱላቸው። የይለፍ ቃሉን ራሳቸው ይምረጡት፤ በወረቀት ጽፋችሁም ከመታወቂያቸው ለይታችሁ አስቀምጡላቸው። እግረ መንገዳችሁን የእናንተን ቁጥር በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ነገር ሲያጠራጥራቸው የሚደውሉት በዚያ ቁጥር ነው።